የቤት ኪራይ ውልዎ ዳኛ ፊት ይቆማል?

ቤት ስንከራይ የማናየው ነገር የለም። ሻወሩን ከፍተን ውኃው መውረዱን እናረጋግጣለን፣ ኮርኒሱ ላይ የዝናብ ምልክት እንፈልጋለን፣ ጎረቤት ውሻ እንዳለው እንጠይቃለን፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ በባጃጅ ሂሳብ እናሰላለን። ደላላው አጥፎ የያዘውን ወረቀት ከኪሱ ሲያወጣ ግን የግድግዳውን ቀለም ያየንበትን ያህል ጊዜ እንኳ ሳንሰጠው እንፈርማለን።

ያ ወረቀት የቤተሰባችን ዓመት የሚወሰንበት ነው። ልጆች በመጋቢት ትምህርት ቤት መቀየር ይኖርባቸው እንደሆነ፣ ለክፍያ ያስቀመጥነው ገንዘብ ለቅድሚያ ኪራይ ይውል እንደሆነ፣ ቧንቧ ሲፈነዳ ማን ኪሱ እንደሚገባ የሚናገረው እሱ ነው። ችግሩ ግን በወረቀቱ ላይ የተጻፈ ሁሉ በሕግ አይጸናም። አንዳንዱ ቃል በፍርድ ቤት ተፈጻሚ ይሆናል። አንዳንዱ ቢፈረምበትም ባዶ ነው። ሳይጻፍ በመቅረቱ ብቻ ብዙ ቤተሰብ የሚያንገላታም አለ። ሦስቱን ለይቶ ማወቅ ለተከራይም ለአከራይም ይጠቅማል።

ጫኖ፣ ሲቀላ፣ ሴቻ፦ አንድ አካባቢ፣ የተለያየ ውል

ከአርባ ምንጭ ወደ ወላይታ ሶዶ በሚወስደው መንገድ፣ የአባያን ሐይቅ ዳርቻ ተከትለው ሲጓዙ የጫኖ ቀበሌዎችን ያገኛሉ፤ ጫኖ ሚሌ፣ ጫኖ ዶርጋ፣ ጫኖ ጫልባ። ሙዝና ማንጎ የአካባቢው መታወቂያ ነው። ከላይ ሴቻ፣ ከታች ሲቀላ ያሉት የአርባ ምንጭ ሰፈሮች ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብና ነጋዴው ቤት የሚፈልግባቸው ናቸው።

ፈላጊው በዝቷል። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው የዛሬው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ በከተማዋ ውስጥና ዙሪያ በርካታ ካምፓሶች አሉት። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረትም አርባ ምንጭ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆነች። ከሌላ ከተማ የተዛወረ ሠራተኛ ቤተሰቡን ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የደላላ በር ነው። መሀል ከተማ የተወደደበት ቤተሰብ ደግሞ ወጣ ብሎ ወደ ጫኖ አቅጣጫ ይመለከታል፤ ግቢው ሰፊ ነው፣ ለልጆች መሯሯጫ አለው፣ ጥላ የሚሆን ማንጎም አይጠፋም።

እኔ የምሠራው በገበያ ጥናትና ሽያጭ ሙያ ነው። በሙያዬ ውል ማለት ሁለቱም ወገን ነገ ምን እንደሚጠብቀው ዛሬ የሚያውቅበት ሰነድ ነው። በዚህ ዓይን የኪራይ ውሎችን ሳይ የምታዘበው አንድ ነገር አለ፦ የዋጋው መስመር ሁልጊዜ በፊደልም በቁጥርም በጥንቃቄ ይጻፋል፤ ሌላው ሁሉ "እንደ ስምምነታችን" ተብሎ ይታለፋል። ጠቡ የሚነሳው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ ከታለፈው ነው።

የትኛው ሕግ ነው የሚገዛን?

የቤት ኪራይ በአገራችን ረጅም መንገድ ሄዷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ኪራይ ከቁጥር 2896 ጀምሮ፣ በተለይ ስለ ቤት ኪራይ ደግሞ ከቁጥር 2945 ጀምሮ ይደነግጋል። የዚህ ሕግ መሠረት የተዋዋዮች ነፃ ስምምነት ነው፤ ኪራዩን አከራይና ተከራይ ራሳቸው ይወስናሉ። ቁጥር 1731 እንደሚለውም በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ይሠራል።

በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የግል አከራይነት ቀረ፤ የአነስተኛ ቤቶች ኪራይም እንዲቀንስ ተደረገ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩትን ቤቶች ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑትን የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ያዛቸው። እናትና አባቶቻችን "የቀበሌ ቤት" እና "የኪራይ ቤቶች" እያሉ የሚለዩት ከዚያ ዘመን የመጣ ነው። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የግል ኪራይ እየሰፋ ሲመጣ እንደገና የፍትሐ ብሔር ሕጉ ብቻውን ሜዳው ላይ ቀረ።

በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አከራዮች ተከራይ እንዳያስወጡና ኪራይ እንዳይጨምሩ ተከለከለ። አዲስ አበባም በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ለጊዜው ተመሳሳይ ክልከላ አወጣች። እነዚህ ጊዜያዊ እርምጃዎች ነበሩ። ቋሚው ለውጥ የመጣው በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016ን ሲያጸድቅ ነው። አዲስ አበባ ከጥቂት ወራት በኋላ ውል መመዝገብ ጀመረች።

እዚህ ላይ ለጫኖና ለአርባ ምንጭ ነዋሪ የሚያስፈልግ ልዩነት አለ። አዋጁ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ እንዲሁም ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ላይ የሚሠራ የከተማ ሕግ ነው። ስለዚህ ሲቀላ ላይ የተከራየና ጫኖ ሚሌ የገጠር ቀበሌ ውስጥ የተከራየ ሰው የግድ በአንድ ሕግ አይዳኙም። አዋጁ በማይደርስበት ቦታ የሚያድርዎት የፍትሐ ብሔር ሕጉና የፈረሙት ወረቀት ነው። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት የመጀመሪያው ጥያቄ "ይህ ቤት በየትኛው ቀበሌ ነው? አዋጁስ እዚህ ይሠራል?" የሚለው ይሁን። መልሱን ከደላላው ሳይሆን ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ወይም ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይውሰዱ።

አዋጁ በሚሠራበት ከተማ ያሉ ዋና ዋና መብቶች

አዋጁ በአጭሩ የሚከተሉትን ይዟል፦

• ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ በተፈረመ በ30 ቀናት ውስጥም ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ቀርቦ መረጋገጥና መመዝገብ አለበት።
• የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት ሊያንስ አይችልም።
• የቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም።
• ጭማሪ የሚደረገው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል ይፋ ባደረገው መጠን ውስጥ ነው።
• ኪራይ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች በቤተሰብ በጀት ላይ ምን ማለት እንደሆኑ እንይ። ወርኃዊ ኪራዩ 8,000 ብር ነው እንበል። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ከጠየቀ ተከራዩ 48,000 ብር በአንድ ጊዜ ማውጣት አለበት። በአዋጁ መሠረት ግን ሊጠየቅ የሚችለው ቢበዛ 16,000 ብር ነው። ልዩነቱ 32,000 ብር ነው፤ ለመስከረም የልጆች መመዝገቢያ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ሊውል የሚችል ገንዘብ።

የሁለት ዓመቱ ዘመንም እንዲሁ ነው። አንድ ልጅ ሁለተኛ ክፍልን ጀምሮ ሦስተኛ ክፍልን እስኪጨርስ ቤተሰቡ ሳይፈናቀል እንዲቆይ ያስችላል። በዓመት ሁለት ጊዜ ዕቃ በጋሪ የጫነ ቤተሰብ የዚህን ዋጋ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገውም። መፋቂያው ሶፋ፣ የሚሰበረው ብርጭቆ፣ ልጁ ጥሎት የሚሄደው ጓደኛ፣ ሁሉም ወጪ ነው።

ቅድሚያን መገደብ የእኛ አገር ብቻ ነገር አይደለም። በጀርመን ለቤት ኪራይ የሚያዝ ማስያዣ ከሦስት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ሕግ ይከለክላል፤ አከራዩም ገንዘቡን ከራሱ ገንዘብ ለይቶ እንዲያስቀምጥ ይገደዳል። በየትኛውም አገር ሐሳቡ አንድ ነው፦ ቤት የሚፈልግ ሰው ቸኩሎ ስለሚፈርም ሕጉ ቀድሞ ያስብለት።

ውሉ እንዲጸና፣ መጀመሪያ ማን ፈረመ?

ጥሩ አንቀጽ የተጻፈበት ውል እንኳ ፈራሚው የተሳሳተ ሰው ከሆነ አያዛልቅም። ሦስት ነገር ያረጋግጡ።

አንደኛ፣ የሚያከራየው ሰው በቤቱ ላይ መብት አለው? የይዞታ ማረጋገጫውን፣ ብዙዎቻችን "ካርታ" የምንለውን፣ ለማየት መጠየቅ ነውር አይደለም። ባለቤቱ ሌላ ከተማ ወይም ውጭ አገር ከሆነና ወንድሙ ወይም ደላላው የሚፈርም ከሆነ የውክልና ሥልጣኑን ሰነድ ይጠይቁ። ውክልናው ማከራየትን የሚጨምር መሆኑንም ያንብቡ፤ "እንዲጠብቅልኝ" የሚል ውክልና "እንዲያከራይልኝ" ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ባለቤቱ ያገባ ነው? ይህ በብዙ ውሎች ላይ የሚረሳ ነጥብ ነው። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለማከራየት የባልም የሚስትም ስምምነት ያስፈልጋል። ክልሎችም የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ አላቸው። ባልየው ብቻውን አከራይቶ ከስድስት ወር በኋላ ባለቤቱ "እኔ አላወቅሁም" ብላ ብትመጣ ተከራዩ በሰው ትዳር መካከል ይገባል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁለቱም ይፈርሙ። ተከራይ ባልና ሚስትም ብትሆኑ ሁለታችሁም ፈርሙ፤ አንዳችሁ ለሥራ ርቃችሁ ስትሄዱ ቤት የቀረው በስሙ ውል ይኖረዋል።

ሦስተኛ፣ ምስክሮች አሉ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹ እንዲፈረምና በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የምስክር ቦታ ባዶ ሆኖ የሚቀርባቸው ውሎች ብዙ ናቸው። ሁለት ሰዎች፣ ሙሉ ስማቸው ከነአያት፣ ፊርማቸው። ከተቻለ አንዱን ከአከራይ ወገን፣ አንዱን ከእርስዎ ወገን ያድርጉ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? በኪራይ ጉዳይ ይህ ተረት ብቻ አይደለም።

ቢጻፉም የማይጸኑ ቃላት

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1716 ሕግን የሚቃረን ጉዳይ ያለው ውል ዋጋ እንደማይኖረው ይናገራል። ከዚህ በታች ያሉት አነጋገሮች በየደላላው ወረቀት ላይ የሚገኙ ናቸው፤ አስፈሪ ይመስላሉ፣ ኃይላቸው ግን ውስን ነው።

*"አከራይ በፈለገ ጊዜ ተከራይን ማስወጣት ይችላል።"* አዋጁ በሚሠራበት ከተማ ይህ ቃል ከሁለት ዓመቱ ዝቅተኛ ዘመን ጋር በቀጥታ ይጋጫል። አዋጁ በማይሠራበት ቦታም ቢሆን ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ጊዜው እስኪያልቅ ሁለቱንም ያስራል።

*"ኪራይ እንደ ገበያው ይጨመራል።"* በአዋጁ ሥር ጭማሪ መንገዱም መጠኑም የተወሰነ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሥርም በተወሰነ ዘመን ውል መካከል ዋጋ የሚለወጠው በሁለቱ ስምምነት ነው። "ገበያው" የሚባል ፈራሚ ውሉ ላይ የለም።

*"ተከራይ ኪራይ ካዘገየ አከራይ ቤቱን ይቆልፋል፣ ውኃና መብራት ይቆርጣል።"* ቤት ማስለቀቅ የፍርድ ቤት ሥራ ነው። ኪራይ አለመክፈል ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን አከራዩ ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ አስፈጻሚ አይሆንም። ሰው የሚኖርበትን ቤት ያለ ፈቃዱ መድፈር በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 604 ያስጠይቃል፤ የግል ሕይወትና የመኖሪያ ቤት መከበርም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀ ነው። "የራሴ ቤት ነው" የሚለው መከራከሪያ ለባለቤትነት እንጂ ተከራይ ተኝቶ ሳለ በሩን ለመክፈት አይሆንም።

*"ተከራይ ይህን ውል በማንኛውም አካል አላስመዘግብም ብሏል።"* ምዝገባ ግዴታ በሆነበት ከተማ ይህ ቃል ራሱ ሕግን የሚቃረን ነው። ብዙ ጊዜ ከኋላው ያለው የግብር ፍርሃት ነው። አንዳንድ አከራይ ውሉ ላይ ዝቅ ያለ ኪራይ እንዲጻፍና ልዩነቱ በእጅ እንዲሰጠው ይጠይቃል። እዚህ ላይ ተከራዩም ይጎዳል፤ ክርክር ሲነሳ ወረቀቱ ላይ የሌለውን ክፍያ ማስረዳት አይችልም። የከፈሉትን ሁሉ የሚያሳይ የባንክ ደረሰኝ ወይም የቴሌብር መልእክት ከየትኛውም መሐላ የበለጠ ምስክር ነው።

ካልተጻፉ የሚያጣሉ፣ ከተጻፉ የሚጸኑ ቃላት

ሕጉ የማይከለክለውን ሁሉ ተዋዋዮች መስማማት ይችላሉ፤ የተስማሙበትም ያስራቸዋል። የውሉ ሀብት ያለው እዚህ ነው። በተለይ እንደ እኛ ባለ ሞቃት፣ ባለ ሰፊ ግቢ አካባቢ የሚከተሉትን በግልጽ መጻፍ ይጠቅማል።

*ውኃ።* አርባ ምንጭ ስሟን ከምንጮቿ ብታገኝም በየግቢው ያለው ቧንቧ በየቀኑ አይመጣም። የውኃ ታንከር (ሮቶ) አለ? የማን ነው? ለስንት ቤተሰብ ነው? ሲሰነጠቅ ማን ይተካል?

*መብራት።* አንድ ቆጣሪ ለሦስት ቤት ሲሆን ጠቡ የተጻፈ ያህል ነው። "መብራት ተከራይ ይከፍላል" የሚል ቃል ምንም አይናገርም። የሚከተለው ግን ይናገራል፦ "በግቢው ባለው አንድ ቆጣሪ የሚመጣው ሂሳብ ለሦስት እኩል ተካፍሎ ተከራይ አንድ ሦስተኛውን ይከፍላል፤ አከራይ የወሩን ደረሰኝ ያሳያል።" በምጣድ እንጀራ የሚጋግርና አንድ አምፖል ብቻ የሚያበራ ቤት እኩል መክፈል የለባቸውም ካሉም የተለየ ድርሻ ይጻፉ።

*የትንኝ ወንፊት።* አካባቢያችን የወባ አካባቢ ነው። ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ላለበት ቤት በመስኮት ላይ ያለ ወንፊት ከሴራሚክ ወለል ይበልጣል። ወንፊት ከሌለ ማን እንደሚያስገባ፣ በስንት ቀን ውስጥ፣ ተከራዩ በራሱ ካስገባ ወጪው ከኪራይ እንደሚታሰብ ይጻፍ። በግቢው ውስጥ ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ ካለም ማን እንደሚደፍነው ይስማሙ።

*የግቢው ፍሬ።* ማንጎ፣ ሙዝ፣ ፓፓዬ፣ አቮካዶ። ይህ ሲነበብ ያስቃል፤ በመኸር ጊዜ ግን አያስቅም። ተከራዩ ዓመቱን ሙሉ ውኃ ያጠጣውን ዛፍ አከራዩ ነጋዴ ይዞ መጥቶ ሲለቅም የሁለቱም ፊት ይጠቁራል። "የግቢው ዛፍ ፍሬ የአከራይ ነው፤ ተከራይ ለቤቱ ፍጆታ መልቀም ይችላል" የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ለመልቀም የሚመጡበት ቀን ቀድሞ እንዲነገር ቢጨመር ደግሞ የተሻለ ነው።

*ጥገና።* የፍትሐ ብሔር ሕጉ በር፣ መስኮት፣ ወለል፣ የውኃ ቧንቧ መክፈቻና የመሳሰሉትን አነስተኛ ጥገናዎች ወደ ተከራይ ያደርጋቸዋል፤ በእርጅና ወይም ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የተበላሸውን ግን አይጨምርም። ጣሪያና ግድግዳን የመሰለ ዋና ጥገና የአከራይ ነው። ስለዚህ ሲገቡ የቤቱን ሁኔታ በዝርዝር ይጻፉ፤ "የጓዳው መስኮት አንድ መስታወት ተሰንጥቋል፣ የሽንት ቤቱ ሲፎን አይሠራም" እየተባለ። በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፣ በዚያው ቀን ለአከራዩም ይላኩ። በመውጫው ቀን "አንተ ነህ የሰበርከው" የሚለውን ክርክር የሚዘጋው ይህ ነው።

*የሰው ብዛትና እንግዳ።* "ሁለት ሰው ብቻ" ተብሎ የተከራየ ቤት ልጅ ሲወለድ ምን ይሆናል? እናት ለአራስ ጥየቃ መጥታ ሁለት ወር ብትቆይስ? በእኛ ባህል እንግዳ አይቆጠርም፤ በውል ላይ ግን ይቆጠራል። "ተከራይ ከነቤተሰቡ" የሚል ሰፋ ያለ አጻጻፍ ብዙ ሐሜት ያስቀራል። የግቢ በር የሚዘጋበት ሰዓትም ካለ ይጻፍ፤ የማታ ፈረቃ የሚሠራ ሰው ቁልፍ እንዲኖረው ይስማሙ።

*ማስጠንቀቂያ።* ለመልቀቅም ለማስለቀቅም የሚሰጠው ጊዜ በቁጥር ይጻፍ። የውሉ ዘመን ካለቀ በኋላ ዝም ብሎ የቀጠለ ኪራይ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ያልተወሰነ ጊዜ ውል ደግሞ በማስጠንቀቂያ የሚቋረጥ ነው። ስለዚህ የማለቂያው ቀን ከመድረሱ በፊት ውሉን ያድሱ።

*መቀጫ።* ለዘገየ ክፍያ መቀጫ መስማማት በሕግ ይፈቀዳል፤ ከቁጥር 1889 ጀምሮ ያሉት ድንጋጌዎች ስለዚህ ናቸው። ታዲያ ለአንድ ወገን ብቻ አይሁን። ተከራይ ሲዘገይ መቀጫ ካለ፣ አከራይ የያዘውን ማስያዣ ለመመለስ ሲዘገይም ይኑር።

የአከራዩም ወገን አለ

በከተሞቻችን ያለ አከራይ ሁሉ ሀብታም አይደለም። ጡረታ የወጣች እናት ሰርቪስ ቤቷን አከራይታ መድኃኒት ትገዛበታለች። ወጣት ባልና ሚስት የራሳቸውን ቤት አከራይተው የባንክ ዕዳ ይከፍሉበታል። ለእነዚህ ሰዎች በየወሩ የሚዘገይ ኪራይ ቀልድ አይደለም።

ግልጽ ውል እነሱንም ይጠብቃል። ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ መሆኑ ካልተጻፈ በማግስቱ ጓዳው የጠላ ወይም የብረት ብየዳ ቤት ሊሆን ይችላል። ተከራዩ ለሌላ ሰው ማከራየት እንደማይችል ካልተጻፈ አንድ ቀን በሩን የሚከፍትልዎ የማያውቁት ሰው ይሆናል። ኪራይ ያልከፈለን ተከራይ ማስለቀቅ ፍርድ ቤት ሲደርስ ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ውላችሁን አምጡ" ብሎ ነው። ውል የሌለው አከራይ የራሱን ኪራይ መጠን እንኳ በምስክር ለማስረዳት ይገደዳል። ግብሩን ሸሽቶ ወረቀት የሸሸ አከራይ መብቱንም አብሮ ሸሽቷል።

ብትጣሉስ?

የጋሞ ሽማግሌዎች ስም በአገር ደረጃ የታወቀው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። እርጥብ ሣር ይዘው በአርባ ምንጭ ተንበርክከው፣ ለበቀል የተነሱ ወጣቶችን መልሰዋል። ሰው በዱቡሻ ተሰብስቦ ጉዳዩን በንግግር የሚፈታበት አካባቢ፣ የኪራይ ጠብም መጀመሪያ ወደ ሽማግሌ ቢሄድ አይደንቅም፤ ይገባልም። አከራይና ተከራይ በአንድ ግቢ የሚኖሩ፣ በአንድ እድር የሚቀባበሩ ናቸው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ሽምግልናም በሕግ የሚጸናበት መንገድ እንዳለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3307 ጀምሮ ስለ ግልግል ይናገራል፤ ቁጥር 3312 ደግሞ ተዋዋዮች በግልግል የተስማሙበት ነገር በመካከላቸው ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ እንደሚቆጠር ይገልጻል። ስለዚህ ሽማግሌ ያስታረቀውን ተሳስሞ መለያየት ብቻ አይበቃም። ስንት ብር፣ እስከ መቼ፣ ቁልፉ በየትኛው ቀን እንደሚመለስ ተጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት፣ ሽማግሌዎቹም ምስክር ይሁኑ። ያኔ ምርቃቱም ወረቀቱም አብሮ ይኖራል።

ሽምግልና ካልሠራ፣ አዋጁ በሚሠራበት ከተማ ቅሬታ ለተቆጣጣሪው አካል ይቀርባል፤ ከዚያ ውጭ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። ሲሄዱ የሚይዙት የውሉን ዋና ቅጂ፣ የክፍያ ማስረጃዎችን፣ የገቡበትን ቀን ፎቶዎችና የተለዋወጧቸውን ማስጠንቀቂያዎች ነው። እስከዚያው ኪራይዎን አያቋርጡ። "ጣሪያውን እስኪጠግን አልከፍልም" ማለት እውነቱ ከእርስዎ ጋር ሳለ ጥፋቱን ወደ እርስዎ ያዞረዋል።

ከመፈረምዎ በፊት አሥር ደቂቃ

1. ቤቱ ያለበት ቀበሌ አዋጅ 1320/2016 የሚሠራበት መሆኑን ይጠይቁ።
2. የይዞታ ማረጋገጫውን፣ ካስፈለገም ውክልናውን ይመልከቱ።
3. የአከራይ ባለቤት (ባል ወይም ሚስት) መፈረማቸውን ያረጋግጡ።
4. የሁለት ምስክሮች ስምና ፊርማ ይኑር።
5. የኪራዩ መጠን፣ የመክፈያ ቀንና የባንክ ሂሳብ ቁጥር በግልጽ ይጻፍ።
6. የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ይጻፍ፤ የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑም ይገለጽ።
7. ውኃ፣ መብራት፣ ጥገና፣ ወንፊትና የግቢ ፍሬ ይለዩ።
8. የቤቱ ሁኔታ ዝርዝርና ፎቶ ከውሉ ጋር ይያያዝ።
9. ባዶ የተተወ መስመር ላይ አይፈርሙ፤ ባዶውን በመስመር ይሰርዙት።
10. አንድ ዋና ቅጂ በእጅዎ ይቅር፤ ምዝገባ ግዴታ ከሆነም በ30 ቀናት ውስጥ ያስመዝግቡ።

ደላላው "ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ ቶሎ ፈርሙ" ሊልዎ ይችላል፤ ሁሌም ይላል። አከራይዋም "እኛ እንግዳ ነን እንዴ? ወረቀት ምን ያደርጋል?" ብለው ቅር ሊሰኙ ይችላሉ። ለእሳቸው መልስዎ አክብሮት ያለበት ይሁን፦ "እማማ፣ ወረቀቱ ቢኖር እኮ በመካከላችን ክፉ ቃል አይገባም።" እውነትም ነው። ጥሩ ውል የተጻፈበት ቤት ውስጥ አከራይና ተከራይ ስለ ውል አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማንጎው ይሆናል።